ሳይደርቅ በእርጥቡ፦ አስፋልት ከመፍረሱ በፊት



ብዙ ሰው አስፋልትን የሚያበላሸው የከባድ መኪና ጭነት ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አስፋልት አንድም መኪና ሳያልፍበት፣ ባለበት ሆኖ ያረጃል። ይህን የተረዳ ሰው መንገድ መቼ መጠገን እንዳለበት ያለው አመለካከት ይቀየራል። ከመካከላችን ነገ በመንገድ ሥራ ላይ የሚሰማሩ፣ በጀት የሚያጸድቁም አሉና ጉዳዩን ቀለል አድርገን እንየው።

አስፋልት ለምን ያረጃል?

የአስፋልት ክብደት 95 በመቶ ገደማው ጠጠርና አሸዋ ነው። ቀሪው 5 በመቶ ገደማ ሬንጅ ሲሆን፣ ያን ሁሉ ጠጠር አጣብቆ የያዘው ይህ ጥቂት ሬንጅ ነው። ሬንጅ በውስጡ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፦ አስፋልቲን የሚባለው ጠጣር ክፍልና ማልቲን የሚባለው ቅባታማ ክፍል። ሬንጁ ሳይሰበር እንዲለጠጥና እንዲያጣብቅ የሚያደርገው ማልቲኑ ነው። ፀሐይ፣ ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተባብረው ይህን ቅባታማ ክፍል ቀስ በቀስ ይቀንሱታል፤ ጠጣሩ ክፍል ይበዛል። በዚህም ሬንጁ ደርቆ ተሰባሪ ይሆናል።

ምልክቱ በዓይን ይታያል። ጥቁር የነበረው አስፋልት መጀመሪያ ግራጫ ይሆናል። ቀጥሎ ደቃቁ አሸዋ ይረግፍና ጠጠሩ አግጦ ይወጣል። ከዚያ ቀጫጭን ስንጥቆች ይመጣሉ። ክረምት ሲገባ ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ ከሥር ያለውን የጠጠር ንጣፍ ያለሰልሰዋል፤ መኪና ሲመላለስበት ደግሞ ጉድጓድ ይሆናል። እንግዲህ ሁላችንም የምናማርረው ጉድጓድ የዚህ ረጅም ታሪክ መጨረሻ ነው።

ሁለቱ መድኃኒቶች

የመጀመሪያው ፎግ ሲል ይባላል። ሬንጅ በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ከውሃ ጋር የተቀላቀለበት ኢመልሽን የሚባል ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ ውሃ ተጨምሮበት ይቀጥንና በመኪና ላይ በተገጠመ መርጫ መንገዱ ላይ በስሱ ይረጫል። መጠኑ አስፋልቱ በሚመጠው ልክ የሚወሰን ሲሆን ለአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። ሲረጭ ቡናማ ነው፤ ውሃው ሲለቅና ሬንጁ ሲቀር ይጠቁራል። ቀጫጭን ስንጥቆችን ይዘጋል፣ ሊረግፍ የተዘጋጀውን አሸዋ ይይዛል፣ ውሃና አየር እንዳይገባ ይከላከላል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያገለግላል።

ሁለተኛው ሪጁቬኔተር ነው፤ በአማርኛ "አዳሽ" ልንለው እንችላለን። ፎግ ሲል ከላይ አዲስ ልባስ ሲያለብስ፣ አዳሹ ግን ወደ አስፋልቱ የላይኛው ክፍል ሰርጎ በመግባት ለደረቀው ሬንጅ ያጣውን ቅባታማ ክፍል ይመልስለታል። አንዱ እንደ ካፖርት፣ ሌላው እንደ ቅባት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ጥንቃቄውስ?

ሁለቱም የሚሠሩት ንጹሕና ደረቅ በሆነ፣ ባልቀዘቀዘ መንገድ ላይ ነው። ዝናብ በሚያሰጋበት ቀን፣ በደጋ ብርዳማ ጠዋትም ፀሐይ መንገዱን ሳታሞቀው አይረጩም። መጠኑ ከበዛ መንገዱ ያንሸራትታል፤ አዳሽ ሲበዛ ደግሞ አስፋልቱን ከልክ በላይ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል፦ አንድ ሊትር የቀጠነ ኢመልሽን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አፍስሶ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማየት ነው። አስፋልቱ ካልመጠጠው መጠኑ መቀነስ አለበት ማለት ነው። ከተረጨ በኋላም እስኪደርቅ ድረስ መኪና ማሳለፍ አይገባም፤ አስፈላጊ ሲሆን አሸዋ ይበተንበታል።

ከሁሉም በላይ፣ እነዚህ መድኃኒቶች የሞተ መንገድ አያስነሡም። እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ፣ የሰመጠ ወይም የጎማ ቦይ የወጣለት መንገድ ችግሩ ከሥር ነው። እሱን በጥቁር ሬንጅ መቀባት ለዓይን ያምር ይሆናል እንጂ ገንዘብ መጣል ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራም?

ከባዱ ነገር ቴክኒኩ ሳይሆን ውሳኔው ነው። በጀት ሲመጣ ሕዝብ የሚጮኸው ስለተቦረቦረው መንገድ ነው፤ ገና ደህና ለሆነው መንገድ ገንዘብ ይውጣ የሚል ባለሙያ ሰሚ አያገኝም። ገንዘቡ ሁሉ የፈረሰውን ሲከተል ግን ደህናውም በተራው ይፈርሳል፤ ወረፋውም አያልቅም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት፣ 85 ታዳጊ አገሮች በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በጥገና ጉድለት 45 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መንገድ እንዳጡ ገልጾ ነበር። ይህን ጥፋት በወቅቱ በተደረገ ጥገና ከ12 ቢሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ ማስቀረት ይቻል ነበር። በአገራችንም የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም ሲቋቋም ዓላማው ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ ለጥገና የሚሆን ቋሚ ገንዘብ ማግኘት ነበር።

አባቶቻችን "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" ያሉት ለአስፋልትም ይሠራል። ስለዚህ ነገ የጥገና ዕቅድ በእጃችሁ ሲገባ፣ የተቦረቦረውን መንገድ ዝርዝር ብቻ አትመልከቱ። ግራጫ መሆን የጀመረው፣ ገና ያልተሰነጠቀው የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ለእሱም ከበጀቱ ድርሻ አስቀምጡለት።