ልብ ሲቆም፦ እጅ፣ ትንፋሽና መሣሪያ

ልብ በድንገት ሲቆም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ወዲያው ይቋረጣል፤ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥም አንጎል መጎዳት ይጀምራል። የወደቀው ሰው ሲጠሩት የማይመልስና በወጉ የማይተነፍስ ከሆነ ልቡ እንደቆመ ይቆጠራል። አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ብቅ የሚል ትንፋሽ ማዘናጋት የለበትም።

እስከ እ.ኤ.አ. 1960 ድረስ ሐኪሞች የቆመ ልብ ለማስነሳት ደረት ቀደው ልብን በእጃቸው ይጨብጡ ነበር። በዚያ ዓመት የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ደረትን ከውጭ መጫን ብቻ ደም እንደሚያንቀሳቅስ አሳዩ። ዛሬ የሚመከረው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን ነው።

የሠለጠነ ሰው ከ30 ጭነት በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ያልሠለጠነ ሰው ግን አዋቂ በድንገት ሲወድቅበት ደረት መጫኑ ብቻ ይበቃዋል፤ ትንፋሽ ለመስጠት ሲያመነታ የሚያልፈው ጊዜ የባሰ ይጎዳል። ሕፃናትና ውኃ የበላቸው ሰዎች ላይ ነገሩ ይለያል፤ እነሱን የጣላቸው አብዛኛውን ጊዜ የአየር እጦት ስለሆነ ትንፋሽ የግድ ያስፈልጋቸዋል።

ሐረር ውስጥ ሕይወት ፋናና ጀጎል ሆስፒታሎች ቢኖሩም፣ በከተማዋ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ጠባብ መንገዶች መኪና አያስገቡም። በሽተኛን ተሸክሞ እየሮጡ ደረት በአግባቡ መጫን ስለማይቻል፣ ሥራው እዚያው በወደቀበት ይጀመራል። በሐረሪ ቤት ነደባ (ከወለሉ ከፍ ያለ መቀመጫ) ላይ፣ ፍራሽና ትራስ መካከል የተዘረረ ሰው ግን ወደ ወለሉ መውረድ አለበት፤ ፍራሽ ጉልበቱን ይውጠዋል።

መሣሪያዎቹስ? የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው ዲፊብሪሌተር ለሚመለከተው በሽተኛ ተወዳዳሪ የለውም፤ በዘገየ ቁጥር ግን ጥቅሙ በፍጥነት ይቀንሳል። ደረት የሚጫን ማሽን እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት በደንብ ከሚጫን እጅ የተሻለ ውጤት አላስገኘም፤ በሚሄድ አምቡላንስ ውስጥ ግን ሰውን ያሳርፋል። ከመድኃኒት ደግሞ አድሬናሊን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት በሕይወት የተረፉትን በጥቂቱ ቢጨምርም፣ አንጎላቸው ደህና ሆኖ የወጡትን ቁጥር በጉልህ አልጨመረም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አንዱ ሲደውል ሌላው ደረት ይጫን፤ የደከመውን በየ2 ደቂቃው ሌላ ሰው ይተካው፤ አንድ ሰው ደግሞ አምቡላንሱን ለመምራት ወደ በሩ ይሩጥ።