ትኩሳቱ የትኛው ነው? የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው። ከተማዋ ግን ሌሎች የትንኝ በሽታዎችንም ታውቃለች። በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። በ2011 ዓ.ም ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አልጋ ላይ ጣለ። የሁለቱም አስተላላፊ ኤዴስ ኤጂፕታይ የተባለች፣ በቀን የምትናከስ ትንኝ ናት፤ ክዳን በሌላቸው በርሜሎችና ውኃ በያዙ አሮጌ ጎማዎች ትራባለች።

አብዛኛው ታማሚ ይድናል። አልፎ አልፎ ግን በሽታውን ያመጣው ቫይረስ አንጎልን ያጠቃል፤ ሕመምተኛው ይቃዣል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ይስታል። እነዚህ ምልክቶች በማጅራት ገትርና በአንጎል ወባም ስለሚታዩ ሐኪሙ የደም ምርመራ ያዝዛል።

ቫይረሱ ራሱ በደም ውስጥ የሚገኘው በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ብቻ ነው። ከአምስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ሰውነት አይጂኤም የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለወራት ይቆያል። ዘግይቶ የሚመጣው አይጂጂ ግን ለዓመታት ይኖራል። እነዚህን የሚለየው የተለመደ ዘዴ ኢላይዛ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በስዊድን ኢቫ ኢንግቫልና ፒተር ፔርልማን ይፋ ያደረጉት ነው። የሚፈለገው ፀረ እንግዳ አካል ካለ በምርመራው የሚጨመረው ፈሳሽ ቀለም ይለውጣል።

ይሁን እንጂ ቀለሙ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ደም ቶሎ ከተቀዳ አይጂኤም ገና ስላልተመረተ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። የደንጊ፣ የዌስት ናይልና የቢጫ ወባ ቫይረሶች ደግሞ መልካቸው እንደሚመሳሰል ወንድማማቾች ናቸው፤ ለአንዱ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ሌላውንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ ደንጊ የያዘው ወይም የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰው ለዌስት ናይል ሲመረመር «አለ» የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ቺኩንጉንያ ከሌላ ወገን በመሆኑ ከእነዚህ ጋር የመምታታት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

አንጎል መጠቃቱን ለማወቅ የደም ውጤት አይበቃም። አይጂኤም ትልቅ ሞለኪውል ስለሆነ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ አያልፍም፤ ከጀርባ አጥንት በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ከተገኘ ግን ቫይረሱ እዚያው ደርሶ እንደነበር ጠንካራ ማስረጃ ነው። ጥርጣሬው ካልጠፋ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሁለተኛ ደም ይወሰዳል። የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን በአራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ኢንፌክሽኑ የቅርብ ጊዜ ነው። የትኛው ቫይረስ እንደሆነ በተሻለ የሚለየው ደግሞ የሕመምተኛው ደም ሕያው ቫይረስን ሕዋስ ከመውረር ይከላከል እንደሆነ የሚፈትነው ምርመራ ነው፤ ቀናት የሚወስድና በሚገባ የተደራጀ ላቦራቶሪ የሚጠይቅ ነው።

ለእነዚህ ቫይረሶች ለይቶ የሚያክም መድኃኒት ባይኖርም ምርመራው ከንቱ አይደለም። ከተማው ወረርሽኙን ቀድሞ እንዲያውቅ ይረዳል፤ ደንጊ ሲጠረጠርም ደም መፍሰስን የሚያባብሱት አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዲቀሩ ያደርጋል። ሊታከሙ የሚችሉት ወባና በባክቴሪያ የሚመጣ ማጅራት ገትር ግን ውጤቱን ሳይጠብቁ በየራሳቸው ምርመራ መጣራት አለባቸው።

ስለዚህ ለምርመራ ደም የሚሰጥ ሰው ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ ከዚህ በፊት የያዘውን በሽታና የወሰደውን ክትባት ለሐኪሙ ይንገር። ቀኑና ታሪኩ ያልተጻፈበት የምርመራ ወረቀት፣ «አለ» ቢልም «የለም» ቢልም፣ ግማሽ መልስ ብቻ ነው።