የአሜሪካ ገበሬና የአደጋ ካሳው

ብዙዎቻችን የአሜሪካ ገበሬ አደጋ ሲደርስበት መንግሥት በማግስቱ ገንዘብ የሚሰጠው ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳንና ጆርጂያን የመታው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2018 ነበር። ጥጡ ለለቀማ ደርሶ ነበር። ፍሬ ለመስጠት ዓመታት የሚፈጅባቸው የፒካን ዛፎችም ከነሥራቸው ተገነደሱ። ካሳውን የፈቀደው ሕግ የወጣው ግን ጁን 6 ቀን 2019፣ ምዝገባው የተጀመረው ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ነው። አሥራ አንድ ወር መሆኑ ነው! ታዲያ አበዳሪ ባንክ ይህን ያህል ይጠብቃል?

የዘገየው ካሳው እንደ ሰብል መድን ቋሚ ስላልሆነ ነው። ኮንግረሱ በየጊዜው አዲስ ሕግ ማውጣት አለበት፤ ያኔም ለፖርቶ ሪኮ በሚሰጠው እርዳታ ሲከራከሩ ወራት አለፉ።

በመጨረሻ ለአውሎ ነፋስ፣ ለሰደድ እሳትና ለመሳሰሉት ጉዳቶች ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተመደበ። ስሌቱ እንዲህ ነበር፦ መድን ላልገባ ገበሬ ከሚጠበቀው ምርት ዋጋ 70 በመቶ ይታሰብለት ነበር፤ ለገባው እንደ ሽፋኑ ከ75 እስከ 95 በመቶ። ከዚያ ላይ የሰበሰበው ምርት ዋጋና ከመድን ያገኘው ገንዘብ ይቀነስ ነበር። ለምሳሌ መድን የሌለው ገበሬ 100,000 ዶላር ጠብቆ የ30,000 ዶላር ምርት ብቻ ቢሰበስብ፣ በግርድፉ 40,000 ይደርሰው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ሳልከፍልም 70 በመቶ ከታሰበልኝ መድን ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብሆን እለው ነበር። ለዚህም ይመስላል ካሳውን የወሰደ ሁሉ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት መድን እንዲገባ የተገደደው፤ ካልገባ የወሰደውን መመለስ ነበረበት።