የኤሌክትሪክ ረብሻና ጂተር በኮምፒዩተር ድምፅ ማጫወት

የኤሌክትሪክ ረብሻ እና ጂተር ከኮምፒዩተር የሚሰማን ድምፅ ጥራት የሚቀንሱ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የኤሌክትሪክ ረብሻ ከኃይል አቅርቦት ወይም ከኮምፒዩተሩ የውስጥ ክፍሎች መጥቶ ከድምፁ ጋር የሚቀላቀል የማይፈለግ ኤሌክትሪክ ነው። ጂተር ደግሞ የዲጂታል ድምፅ ናሙናዎች ተራቸውን ጠብቀው በሚወጡበት ቅጽበት ላይ የሚታይ ጥቃቅን የጊዜ መዛባት ነው።

== አመጣጥ ==
በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ድምፅ ለእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 44,100 ናሙናዎች ሲኖሩት እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ይጻፋል። ፋይሉ በትክክል ከተገለበጠ ቁጥሮቹ አይለወጡም። ችግሩ የሚፈጠረው ቁጥሮቹ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ በሚለወጡበት ክፍል (ዳክ) እና ከዚያ በኋላ ባለው መስመር ላይ ነው።

የኢትዮጵያ የመብራት ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ላፕቶፕና አምፕሊፋየር በየራሳቸው ሶኬት ተሰክተው በድምፅ ገመድም ሲገናኙ የመሬት መስመሩ ቀለበት ሊሠራ ይችላል። በዚህ ጊዜ በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ (100፣ 150) ጉምጉምታ ይሰማል። ቻርጀሩም በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ የራሱን ረብሻ ይጨምራል።

== ጂተር ምን ያህል ይሰማል? ==
በስሌት፣ ባለ16 ቢት ድምፅ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ሙሉ ጥራቱን እንዲይዝ ጂተሩ ከ100 ፒኮሰከንድ ገደማ መብለጥ የለበትም። የሰው ጆሮ ግን ይህን ያህል ስሱ አይደለም። ቤንጃሚንና ጋነን በ1998 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት በሙዚቃ ውስጥ ሊለይ የቻለው ዝቅተኛው ጂተር 20 ናኖሰከንድ ያህል ነበር፤ ይህም ከ100 ፒኮሰከንድ 200 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚሰማ ጉድለት ብዙውን ጊዜ ከጂተር ይልቅ የኃይል መስመር ረብሻ ነው።

== የበገና ምሳሌ ==
በገና በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር ባለ10 አውታር መሣሪያ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በድልድዩ መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ (እንዝራ) ለበገና መለያው የሆነውን ንዝረት ይሰጠዋል። ይህ ንዝረት ጉድለት ሳይሆን የመሣሪያው ድምፅ ነው። የበገና ድምፅ ወፍራም በመሆኑ የመብራት ጉምጉምታ በቀላሉ ሊመሳሰልበት ይችላል። የቆየ የበገና ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ ሰው ሁለቱን ሳይለይ በማጣሪያ ቢያጠራ ረብሻውን ብቻ ሳይሆን በገናውንም ያጠፋል።

መለያው ቀላል ነው። ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ሲጫወት ጉምጉምታው ከጠፋ ምንጩ የኃይል መስመሩ ነው። በባትሪም፣ በሌላ ማጫወቻም እኩል የሚሰማ ከሆነ ግን ከቅጂው ውስጥ ነው። የመብራት ጉምጉምታ አውታሩ ዝም ሲልም ይቀጥላል፤ የበገናው ንዝረት ግን ከአውታሩ ጋር ተነሥቶ ከአውታሩ ጋር ይሞታል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች በፀሐይ ኃይል በተሞላ ባትሪ ማጫወት ከመስመር ጉምጉምታ ነፃ ያደርጋል። ሆኖም ኃይሉ በኢንቨርተር በኩል የሚያልፍ ከሆነ ኢንቨርተሩ የራሱን ረብሻ ሊያመጣ ይችላል።

== መቀነሻ መንገዶች ==
# ላፕቶፑን በባትሪ ማሠራት፤
# ላፕቶፑንና አምፕሊፋየሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፤
# ከኮምፒዩተሩ ውጭ የሚቀመጥ የዩኤስቢ ዳክ መጠቀም። በራሱ ሰዓት የሚሠራው ዓይነት ኮምፒዩተሩ ዳታውን በዳኩ ፍጥነት እንዲልክ ስለሚያደርግ ጂተርንም ይቀንሳል፤
# በኦፕቲካል ገመድ ማገናኘት። ገመዱ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የመሬት ቀለበቱን ይቆርጣል፤
# የድምፅ ገመዱን ማሳጠርና ከኃይል ገመድ ማራቅ።

ጉምጉምታን ለማጥፋት ሲባል የሶኬትን የመሬት ሽቦ መቁረጥ ለሕይወት አደገኛ ነው። የቆየ ቅጂ ሲጠራም ያልተነካው የመጀመሪያ ፋይል ለብቻው መቀመጥ አለበት።