ከባሮ ዳር የተማርነው

በዓለ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ኢታንግ ያሳለፍነው አንድ የከተራ ዕለት ትዝ ይለናል። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት የተሰደዱ ወገኖች በኩሌና በቲርኪዲ መጠለያ ጣቢያዎች ከሰፈሩ በኋላ ነበር።

በባሮ ወንዝ ዳር ለታቦቱ ማደሪያ ድንኳን ስንተክል አንዲት ስደተኛ እናት ሕፃኗን አዝላ ከጥላው ሥር ተቀመጠች። እኛም ለመዘምራኑ ቦታ እንዳይጠብብ ሠግተን እልፍ እንድትል በእጃችን ምልክት ሰጠናት። አንድ አረጋዊ ካህን ግን የራሳቸውን ሰሌን አነጠፉላት፤ በጣሳም ውኃ አቀረቡላት። ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ጌታም እኮ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ግብፅ ወርዷል» አሉን።

አፈርን። ስለ ጌታ ስደት በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተምረናል፤ በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ ማኅሌት ቆመናል። ትርጓሜው የገባን ግን ያን ዕለት ነው።

በማግሥቱ የተባረከው የባሮ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ያች እናት ሸሽታ በወጣችበት አገር አልፎም ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። በረከት ወሰን አያውቅምና።

ምእመናን ሆይ፣ ታቦቱን በእልልታ ስንሸኝ ከደጃችን የቆመውን እንግዳ አንግፋ። ሰሌናችንን እናንጥፍ።

መልካም በዓል!