ከእቴጌ ሆቴል እስከ እንጦጦ ፓርክ፤ አዲስ አበባን በካፌዎቿና በምግብ ቤቶቿ

አዲስ አበባ፤ በመዲናዋ ከሥራ ሰዓት በኋላ "ቡና እንጠጣ" የሚለው ግብዣ ከአንድ ስኒ ቡና የላቀ ትርጉም አለው። ሰርግ የሚመክሩ ቤተሰቦች፣ የተጣሉ ወዳጆችን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች፣ ሥራ የሚያፈላልጉ ወጣቶችና ጋዜጣ የሚያነቡ ጡረተኞች በአብዛኛው የሚገናኙት በካፌ ነው።

ይሁንና ዓመታትን በከተማዋ ኖረው ከመሥሪያ ቤታቸው አጥር አጠገብ ካለው ካፌ የማያልፉ ነዋሪዎች ጥቂት አይደሉም። አዲስ አበባ በየዘመኑ የተከፈቱና የየዘመናቸውን መልክ የያዙ ውብ ካፌዎችና ምግብ ቤቶች ባለቤት ናት። እነዚህን ቤቶች ፈልጎ የጎበኘ ሰው ጥሩ ቡናና ጥሩ ምግብ ከማግኘቱም በላይ ከተማዋ እንዴት እንዳደገች ይረዳል። ነባር ሠፈሮች በስፋት እየታደሱ ባሉበት በአሁኑ ወቅት ደግሞ ቤቶቹን ማወቅ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ምን መጠበቅ እንዳለበት የማወቅም ጉዳይ ሆኗል።

በልቶ መክፈል የተለመደበት ቤት

የጉዞው መነሻ ፒያሳ የሚገኘው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በእቴጌ ጣይቱ ብጡል አነሳሽነት የተመሠረተው ይህ ሆቴል የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው።

በዚያን ዘመን እንግዳ የሚያርፈው በዘመድ ወይም በወዳጅ ቤት በመሆኑ ምግብን በገንዘብ መሸጥም ሆነ መግዛት እንደ ነውር ይታይ ነበር። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው ዳግማዊ አጤ ምኒልክ መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ወደ ሆቴሉ በመሄድ ከተመገቡ በኋላ ሒሳቡን ራሳቸው ከፍለዋል። በዚህም ከፍሎ መብላት የሚያሳፍር አለመሆኑን ለተከታዮቻቸው በተግባር አሳይተዋል ይባላል። ታሪኩ ዛሬም የሚወሳው አዲስ አሠራር በአዋጅ ብቻ ሳይሆን በአርአያነትም እንደሚለመድ ስለሚያሳይ ነው።

ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ ከፍተኛ ጉዳት የደረሰበት ሲሆን፣ በግቢው ውስጥ የነበረውና ነባር ሙዚቀኞች ሥራቸውን ያቀርቡበት የነበረው ጃዝአምባ የተሰኘ የሙዚቃ አዳራሽም ወድሟል። አደጋው በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶች ለምን ያህል ጉዳት የተጋለጡ እንደሆኑ ያሳየ ነበር።

ወራሪው ሄደ፣ ማሽኑ ቀረ

ኢትዮጵያ የቡና መገኛ እንደመሆኗ ሕዝቡ አቦል፣ ቶናና በረካ እያለ በጀበና የሚጠጣው ቡና ከካፌ ይቀድማል። በማሽን ተጨምቆ የሚወጣው ቡና በስፋት የገባው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በዘለቀው የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ወቅትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ቀድሞ አራዳ በሚባለው አካባቢ የሚገኘው የፒያሳ ስያሜም "አደባባይ" የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው።

ወራሪው ተባሮ ሲሄድ ማሽኑ፣ ፓስታውና ኬኩ ቀሩ። ነዋሪው ግን እንዳለ አልተቀበላቸውም። ማኪያቶ በጣሊያን ጥቂት የወተት ጠብታ ያረፈበት ጠንካራ ቡና ሲሆን፣ የአዲስ አበባው ማኪያቶ ወተቱ በርከት ያለና አረፋው ከላይ የሚያርፍ ነው። ደንበኛውም "ነጣ ያለ" ወይም "ጠቆር ያለ" ብሎ ያዛል። ሻይና ቡና ተቀላቅሎ የሚቀርበው ስፕሪስም የከተማዋ ካፌዎች መለያ ነው። ፓስታውም ቢሆን በበርበሬ ስጎ ተሠርቶ፣ በጾም ቀን ደግሞ ያለ ሥጋ እየቀረበ የሀገር ምግብ ሆኗል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ከተከፈቱት ቤቶች ስሙ ጎልቶ የሚነሳው እ.ኤ.አ በ1953 የተመሠረተው ቶሞካ ነው። ስሙ "ዘመናዊ የቡና መቁያ" የሚል ትርጉም ካላቸው የጣሊያንኛ ቃላት የተውጣጣ ነው። በፒያሳው ቶሞካ ደንበኛው ከፍ ባሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ ይጠጣል፤ የተቆላና የተፈጨ ቡናም ገዝቶ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጅና ተላላኪ፣ ነጋዴና ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ መቆማቸው የቤቱ ትልቁ ውበት ነው። ድርጅቱ በአሁኑ ወቅት በልዩ ልዩ የከተማዋ ክፍሎች ቅርንጫፎች አሉት።

የቤቶቹ ዕድሜ ምስጢር

ነባር ካፌዎች ለአሥርት ዓመታት በአንድ ሥፍራ የቆዩት በጥሩ ቡና ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ በመሐል ከተማ የሚገኙ በርካታ የንግድ ቤቶች በመንግሥትና በቀበሌ ይዞታ ሥር ሆኑ። ኪራዩ ለረዥም ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ በመቆየቱ የቡናውም ዋጋ መጠነኛ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ሊከፍለው የሚችል ሆኖ ቆየ።

በአንጻሩ ዝቅተኛ ኪራይ ለጥገና የሚውል በቂ ገቢ አላስገኘም። ጣሪያቸው የሚያፈስና የኤሌክትሪክ መስመራቸው ያረጀ ቤቶች የበዙትም በዚሁ ምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም በመንግሥት የንግድ ቤቶች ኪራይ ላይ የተደረገው ጭማሪ ይህንን ልዩነት ለማጥበብ የታለመ ቢሆንም፣ በተከራዮች ዘንድ ቅሬታ ማስነሳቱ የሚታወስ ነው። ጉዳዩ ሁለት ተገቢ ፍላጎቶች የሚጋጩበት ነው፤ መንግሥት ከንብረቱ ተገቢውን ገቢ ማግኘት አለበት፣ ከተማዋም ለብዙኃኑ ክፍት የሆኑ መገናኛዎቿን ማጣት የለባትም።

ቦሌና የአዲሱ ትውልድ ካፌ

ከ1983 ዓ.ም በኋላ የግል ባለሀብቱ ተሳትፎ ሲሰፋ የካፌው ማዕከል ከፒያሳ ወደ ቦሌ ተሻገረ። መኖሪያ ቪላዎች ወደ ምግብ ቤትነት ተለወጡ፤ በመስታወት ሕንፃዎች ሥር ሰፋፊ ካፌዎች ተከፈቱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው ካልዲስ ኮፊ በአንድ ዓይነት ስያሜ፣ ቀለምና አገልግሎት ብዙ ቅርንጫፎችን የመክፈት አሠራርን በከተማዋ ካስፋፉት መካከል ነው።

በዚሁ አካባቢ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያሉ የባህል ምግብ ቤቶች ምግብን ከውዝዋዜና ከሙዚቃ ጋር ማቅረባቸው ለውጭ እንግዶች ሀገሪቱን በአንድ ምሽት የሚያስተዋውቅ መድረክ ሆኗል። ከተማዋ በ1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የዲፕሎማቶች መናኸሪያ መሆኗም የሕንድ፣ የዓረብ፣ የቻይናና የሌሎች ሀገሮች ምግቦች እንዲስፋፉ አድርጓል።

ካዛንቺስ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የሠፈሩ ስም በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሠራው ተቋም አሕጽሮተ ስም የመጣ ነው። ሠፈሩ ከጊዜ በኋላ በአዝማሪ ቤቶቹና በምሽት ሕይወቱ ታወቀ። ከእነዚህ መካከል ዝናው ከሀገር ውጭ የተሻገረው ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም አካባቢው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነባር ሥፍራውን ለቅቋል።

አዲሱ ገጽታና የተነሳው ጥያቄ

ከ2012 ዓ.ም ወዲህ የተከፈቱት አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ ካፌን ከአረንጓዴ ሥፍራ ጋር አገናኝተዋል። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ተቀምጦ ቡና መጠጣት ለብዙ ቤተሰቦች የእረፍት ቀን ልማድ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን በመሥራቱ ከቤት ውጭ ተቀምጦ ቡና ለመጠጣት ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል።

በዚያው ዓመት በፒያሳ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ግን የብዙ ሰዎች መገናኛ የነበሩ ትናንሽ ካፌዎች፣ ኬክ ቤቶችና ምግብ ቤቶችም አብረው ሄደዋል። ጥያቄውም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሕንፃ በቅርስነት ሊመዘገብና ሊታደስ ይችላል፤ በታደሰው ሕንፃ ውስጥ ያለው ቡና ግን የቀድሞ ደንበኞቹ የማይከፍሉት ዋጋ ካለው የተጠበቀው ግድግዳው ብቻ ነው። ቦታ ተለውጦ የተሰጠው ካፌም ከለመደው መንገድና ከደንበኛው ከራቀ ስሙን እንጂ አገልግሎቱን ይዞ አይቀጥልም።

ጥሩ ቤት እንዴት ይታወቃል?

ጥሩ ካፌን ለመለየት የወንበሩ ውበት በቂ አይደለም። ቡናው በቅርቡ የተቆላ መሆኑ በሽታው ይታወቃል። የማሽኑ የወተት ማፍሊያ ቱቦ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ መጠረጉ፣ ስኒው ሞቆ መቅረቡና መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ መሆኑ ባለቤቱ ለሥራው ያለውን ክብር ያሳያሉ።

ከማዘዝ በፊት በዋጋ ዝርዝሩ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱን፣ የአገልግሎት ክፍያ መኖር አለመኖሩንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ከተመገቡ በኋላ ደረሰኝ መቀበል የዜግነት ግዴታን መወጣት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በካፌና በምግብ ቤት የውስጥ ክፍሎች ትምባሆ ማጨስ የተከለከለ በመሆኑ ተመጋቢው ይህ እንዲከበር የመጠየቅ መብት አለው።

ዋጋው ለከበደው ሠራተኛ ደግሞ ጊዜን መምረጥ ይበጃል። ለራት ውድ በሆነ ቤት ጠዋት አንድ ማኪያቶ መጠጣት ቤቱን ለማየት በቂ ነው። በወር አንድ ቀን ከባልደረቦች ጋር ወደማያውቁት ሠፈር ወጥቶ ምሳ መብላትም ከተማዋን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ነው።

ምኒልክ ከፍለው በልተዋል ከተባለበት ዘመን ወዲህ የአዲስ አበባ ካፌዎችና ምግብ ቤቶች የማይተዋወቁ ሰዎች በእኩልነት የሚቀመጡባቸው ሥፍራዎች ሆነው ኖረዋል። በመሆኑም የአንድ ሠፈር ዕቅድ ሲዘጋጅ ከሕንፃው ዕድሜና ከመንገዱ ስፋት ጋር በሠፈሩ ካፌ ውስጥ በየዕለቱ እነማን እንደሚገናኙና ስንት ከፍለው እንደሚጠጡም ሊጠና ይገባል። ዕቅዱን የሚያጸድቀው ኃላፊም ከስብሰባው በፊት በዚያ ሠፈር አንድ ስኒ ቡና ቢጠጣ ከሰነዱ የማያገኘውን መረጃ ያገኛል።