ትራንስፈር ኬዝ ሲለወጥ የፍጥነት መለኪያው እንዴት ይሠራል?

በናይሮቢ መሐል ከተማ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቀድሞ ግሮጋን ዛሬ ግን ኪሪንያጋ ተብሎ የሚጠራ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ በመኪና መለዋወጫ ሱቆችና በጋራዦች የታወቀ ነው። በከተማይቱ ውስጥ ደጅ ላይ የሚሠሩት የእጅ ባለሙያዎችና መካኒኮች በስዋሂሊ ቋንቋ «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ፤ ትርጓሜውም «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኙት ጣራ በሌለው ስፍራ ስለሚሠሩ ነው።

ለእነዚህ ባለሙያዎች ከሚቀርቡት ሥራዎች አንዱ የአሮጌ መኪና ትራንስፈር ኬዝ መለወጥ ነው። ትራንስፈር ኬዝ ከካምቢዮው ጀርባ ተቀምጦ የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል የጥርስ ሣጥን ነው። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት በኩል ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ለብዙ ዓመታት ጠጠርና አቧራ ስለነበር፣ በአራቱም ጎማ የሚነዱት መኪናዎች በዚያ ይመላለሱ ነበር። ሣጥኑ ሲያረጅ ከሌላ መኪና የተፈታ ይገጠማል። መኪናውም ይሄዳል፤ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ግን ወይ ከዜሮ አይነሳም፣ ወይም ተነሥቶ ሐሰት ይናገራል። ከሁለቱ የከፋው ሁለተኛው ነው፤ የቆመ መርፌን ማንም አያምነውምና።

ምክንያቱን ለመረዳት የመለኪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በትራንስፈር ኬዙ የኋላ መውጫ ዘንግ ላይ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ አለ። እርሱም አንዲት ትንሽ ጥርስ ያዞራል፤ ትንሿ ጥርስ በበኩሏ እስከ ሾፌሩ ፊት የሚደርስ ኬብል ታዞራለች። በኬብሉ ጫፍ ያለው ማግኔት በአሉሚኒየም ክዳን ውስጥ ሲሽከረከር፣ በክዳኑ ላይ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥርና ክዳኑን ይስበዋል፤ ቀጭን ስፕሪንግ ደግሞ መልሶ ይይዘዋል። መርፌው የሚያርፈው ሁለቱ ኃይሎች በሚመጣጠኑበት ቁጥር ላይ ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትሰ በፓተንት አስመዝግቦታል።

እንግዲህ መሣሪያው የሚያውቀው የኬብሉን ዙር ብቻ ነው። በጃፓን መለኪያዎች ደንብ ኬብሉ በአንድ ኪሎሜትር 637 ጊዜ መዞር አለበት። ለምሳሌ የጎማው ዙሪያ 2.3 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4.1 ቢሆን፣ ጎማው በአንድ ኪሎሜትር 435 ጊዜ ያህል፣ ዘንጉ ደግሞ 1,783 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዘንጉ ላይ ያለው 6 ጥርስ፣ ትንሿ 17 ጥርስ ቢኖራቸው ኬብሉ 629 ጊዜ ይዞራል፤ ይህ ለተፈለገው ቁጥር የቀረበ ነው። ከአዲሱ ሣጥን ጋር የመጣችው ትንሽ ጥርስ ግን 19 ብትሆን ኬብሉ የሚዞረው 563 ጊዜ ብቻ ነው። መርፌው 80 ሲያሳይ መኪናው ከ90 ኪሎሜትር በላይ ይከንፋል። ኪሎሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ ስለሚያሳንስ፣ በ5,000 ኪሎሜትር ዘይት እለውጣለሁ የሚል ባለንብረት 5,600 አልፎ ይለውጣል።

ናይሮቢ ውስጥ ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣውና በ2004 ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ማታቱ የሚባሉትን ጨምሮ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ከ80 ኪሎሜትር በላይ እንዳይሄዱ የሚገታ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው አዟል። ገቺው መሣሪያ ፍጥነቱን የሚያውቀው ከዚያው ከትራንስፈር ኬዙ ወይም ከካምቢዮው በሚመጣ ምልክት ከሆነ፣ ምልክቱ ሲሳሳት እርሱም አብሮ ይሳሳታል።

ስለዚህ ጥንቁቅ መካኒክ አሮጌውን ሣጥን ከመጣሉ በፊት ትንሿን ጥርስ አውጥቶ ከአዲሷ ጋር ጎን ለጎን ይቆጥራል። በዘንጉ ላይ ያለው ጥርስ በሁለቱም ሣጥኖች አንድ ዓይነት ከሆነ የድሮዋን መልሶ ማስገባት ይበቃል። ካልሆነ ግን ሒሳቡን መሥራት ግድ ነው። ጎማውም በዚያው ጊዜ በትልቅ ተለውጦ ከሆነ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል፤ ይህን የሚዘነጉት ብዙዎች ናቸው። አዞሪው በተቃራኒ ጎን ከገባ ደግሞ ኬብሉ ወደ ኋላ ስለሚዞር መርፌው ዜሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የዘይት መከላከያው ጎማም መታደስ አለበት፤ አለበለዚያ የሣጥኑ ዘይት በኬብሉ እየወጣ መለኪያውን ያበላሻል። ኬብል በሌላቸው አዳዲስ መኪናዎች የዙሩን ብዛት የሚልከው የኤሌክትሪክ ሴንሰር ነው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ በመካከል የሚገባ ማስተካከያ መሣሪያ አለ።

በመጨረሻ መኪናው መንገድ ላይ ይፈተናል። መርፌው በ60 ላይ ጸንቶ ሲቆም፣ ከአንዱ የኪሎሜትር ምልክት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ በሰዓት ይለካል። ልክ 60 ሴኮንድ መሆን አለበት። 53 ከሆነ መኪናው ወደ ጋራዡ ይመለሳል፤ ያቺ 19 ጥርስ ያላት ማርሽም ትወጣለች።